ከሰማይ ስለሚወርድ ዕቃና በፈቃድ ስለሚሠራ የባለሙያዎች ጉባኤ

ሰው በምድር ላይ ሲሠራ ያጠፋውን ነገር አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ሊያርመው ይችላል። ግንቡ ቢያዘነብል አፍርሶ ይሠራዋል፤ ልብሱ ቢጠብ ተርትሮ ያሰፋዋል፤ ጽሕፈቱ ቢሳሳት ብራናውን ፍቆ ያቀናዋል። በጃንጥላ ተንጠልጥሎ ከአየር ለሚወርድ ሰው ግን ሁለተኛ ጊዜ የለውም። ጨርቁን የሸመነው አንድ ሰው ነው፤ የሰፋው ሌላ ነው፤ አጥፎ በከረጢት የከተተውም ሌላ ነው፤ ነፍሱን በጨርቁ ላይ የሚጥለው ግን ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም ዓይቶ የማያውቅ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ያላየውን ሰው ሥራ አምኖ ከአውሮፕላን በር እንዲወጣ የሚያደርገው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መልሱ፣ አንድ ዐዋቂ ብቻውን ያወጣው ደንብ አይደለም። ሙያውን የሚያውቁ ብዙ ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰብስበው፣ ያለ ደመወዝ ተከራክረውና ተራርመው፣ ጥፋታቸውን ሳይሸሽጉ የጻፉት ደንብ ነው። ዛሬ የዚህን ዓይነት ጉባኤ ነገርና አመራሩን ለመግለጽ የተነሣነው፣ ነገሩ ለሩቅ አገር ብቻ ሳይሆን ለደሴና ለኮምቦልቻም የሚያስፈልግ መስሎ ስለ ታየን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ናቸው።

የጃንጥላ ጥበብ ከተጀመረ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። በ1776 ዓ.ም. ሌኖርማን የተባለ ፈረንሳዊ ከሕንፃ አናት ወርዶ ነገሩን ለሕዝብ አሳየ። በ1790 ዓ.ም. ደግሞ ጋርነሪን የተባለው ሌላ ፈረንሳዊ በፓሪስ ከተማ ላይ በሞቀ አየር ሳይሆን በቀላል ጋዝ በተሞላ ፊኛ ወጥቶ፣ ከፊኛው ተለይቶ በሐር ጃንጥላ ወረደ። ሲወርድ ግን እንደ ደወል ምላስ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ፤ ምክንያቱም በጨርቁ ሥር የታፈነው አየር መውጫ አጥቶ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ ጠርዝ ይሾልክ ስለ ነበር ነው። ኋላ በጨርቁ አናት ላይ ቀዳዳ ሲተው መወዛወዙ ቀነሰ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያየው ቀዳዳውን ጉድለት ነው ብሎ ይደፍነው ነበር፤ ያወቀው ግን መድኃኒቱ ቀዳዳው እንደ ሆነ ተረዳ። ከዚህ የምንማረው፣ በእንዲህ ያለ ሥራ ዓይን ብቻውን እንደማይበቃና የፈተነ ሰው ቃል መሰማት እንዳለበት ነው።

ይህን የፈተና ቃል ከየቦታው ሰብስቦ የሚጠብቅ ጉባኤ ዛሬ በአሜሪካ አለ። በ1955 ዓ.ም. ሁለት የቈዩ ማኅበሮች ተዋሕደው የአሜሪካ የአየርና የጠፈር በረራ ኢንስቲትዩት የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በዚህ ማኅበር ውስጥ ስለ ጃንጥላና ይህን ስለመሰለው ፍጥነት የሚገታ መሣሪያ ሁሉ የሚመክር አንድ የቴክኒክ ኮሚቴ ይገኛል። አባሎቹ የጃንጥላ ፋብሪካ መሐንዲሶች፣ የጦር ሠራዊት ባለሙያዎች፣ የጠፈር ምርምር ሠራተኞችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። በገበያ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ለዚህ አገልግሎት ደመወዝ አይቀበሉም። ጥናት የሚነበብበትን ጉባኤ ያዘጋጃሉ፤ የሚነበበውንም ጽሑፍ አስቀድመው ይመረምራሉ፤ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረው በሄልሙት ሃይንሪክ ስም የሚጠራ አጭር ትምህርት ለወጣት መሐንዲሶች ያሰጣሉ። ከጀርመን አገር መጥቶ ዕድሜውን በዚህ ጥበብ ላይ ያሳለፈው ቴዎዶር ክናከ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ለተተኪዎች መምሪያ አድርጎ በመጻፉ፣ ማኅበሩ ለዚህ ሙያ ሰዎች የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ተሰይሟል። እነዚህ ሰዎች የተከበሩት ያወቁትን ለብቻቸው ስላልያዙት እንደ ሆነ ልብ ይሏል።

ዕውቀት ሳይገለጥ ሲቀር ወይም ሳይፈተሽ ሲታለፍ ምን እንደሚያደርስ ሁለት ምስክር እንጥራ። ሚያዝያ 16 ቀን 1959 ዓ.ም. ኮማሮቭ የተባለው የሶቪየት ጠፈረኛ ከጠፈር ሲመለስ ዋናው ጃንጥላ ከማኅደሩ ሳይወጣ ቀረ፤ መጠባበቂያውም ተጠላለፈ፤ ሰውየውም ከመሬት ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ጳጉሜን 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ደግሞ ጀነሲስ የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር፣ ከፀሐይ የሚፈልቀውን ረቂቅ ነገር ከ2 ዓመት በላይ በጠፈር ሰብስባ ስትመለስ፣ ጃንጥላዋ ሳይዘረጋ ቀርቶ በዩታ ምድረ በዳ ወድቃ ተሰባበረች። ሲመረመር የጃንጥላውን መከፈቻ ሰዓት የሚያስታውቁት ጥቃቅን መሣሪያዎች በንድፉ ላይ ተገልብጠው ተሥለው ስለ ነበር፣ ሠራተኛውም እንደ ንድፉ ገልብጦ እንደ ተከላቸው ታወቀ። ጨርቁ ጤነኛ፣ ስፌቱም ጠንካራ ሳለ፣ አንድ መሥመር ተገልብጦ ሳለ ማንም ሳያስተውለው በማለፉ ያ ሁሉ ድካም ለጥፋት ተዳረገ። የሚመሰገነው ነገር ግን የመርማሪዎቹ ቃል ለዓለም ታትሞ መውጣቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ሙያ የሚማር ሁሉ ያን ስሕተት እየተማረ ያድጋል።

አሁን ነገሩን ወደ አገራችን እንመልሰው። የደሴ ሕዝብ ከሰማይ የሚወርድን ነገር አስቀድሞ ያወቀው በክፉ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በደሴ ላይ ቦምብ ሲያዘንሙ ከተማው ተቃጠለ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ከ49 ዓመት በኋላ በ1977 ዓ.ም. በታላቁ የረሃብ ዘመን ግን ሰማዩ እህልም እንደሚያወርድ ታየ። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ የተባሉት አውሮፕላኖች፣ እንዲሁም የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች፣ መንገድ ወደሌለበት ደጋ እህል ይጥሉ ነበር። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም በዚሁ ሥራ ተባበሩ። በዚያ ዘመን በጠላትነት ይተያዩ የነበሩ የሁለቱ ወገን ሠራዊቶች እንደ ራቤል ባለ የሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ለአንድ ሥራ መሰለፋቸው የሚያስደንቅ ነው።

ይህም እህል የወረደው ያለ ጃንጥላ ነበር። አውሮፕላኑ ከመሬት 15 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ያልፍና በጆንያ ላይ ጆንያ የለበሰው እህል ከኋላ በሩ ይንሸራተታል። ከዚህ ከፍታ የሚወድቅ ነገር መሬት ሲደርስ ቍልቍል ፍጥነቱ በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ስለሚሆን የውስጡ ጆንያ ቢፈነዳ የውጭው እንዲይዘው ያስፈልጋል። ጃንጥላ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ ነፋስም ወዳልታሰበበት ገደል ይወስደዋል፤ እህል ደግሞ መውደቅን ይችላል። ስለዚህ ጃንጥላን መተው ራሱ በባለሙያ የተመከረበት ውሳኔ ነው። ነገር ግን እህል የሚችለውን መውደቅ ደምና መድኃኒት አይችሉም። የዛሬው ጕዳያችንም ይህ ነው።

ደቡብ ወሎን የሚያውቅ ሰው የበሽሎን ሸለቆ፣ የአምባሰልንና የመቅደላን ገደል፣ የመሐል ሳይንትንና የለጋምቦን ደጋ ያውቃል። በዓይን ሲያዩት እዚያ ማዶ የሆነ መንደር በእግር ሲሄዱበት ቀን ይፈጃል። አንዲት እናት በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈስሳት ዘመዶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ሊያወጧት ይደክማሉ፤ ደሟ ግን ገደሉን እስኪወጡ አይጠብቃቸውም። ለእርሷ የሚሰጠው ደም ደግሞ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ የሚበላሽ፣ በዚያም ተቀምጦ ብዙውን ጊዜ ከ35 ቀን በላይ የማይቈይ ነው። በየጤና ጣቢያው ደም ሁሉ አከማችቶ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ቢከማችም ጊዜው አልፎበት ይደፋል።

እንደ እኛ ተራራማ የሆነችው ሩዋንዳ ለዚህ መላ አግኝታለች። ከጥቅምት 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው አልባ ትንንሽ አውሮፕላኖች ደም ይዘው ወደ ሆስፒታሎች ይበርራሉ፤ ከደረሱም በኋላ ሳያርፉ ጥቅሉን በትንሽ ጃንጥላ ይለቁታል። በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በዚህ መንገድ የሚላከው ደም በመኪና ከሚላከው በአማካይ ከ1 ሰዓት በላይ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጊዜው አልፎበት የሚደፋውም ደም ከመቶ 67 እጅ ያህል ቀንሷል። ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው፣ የዚህ ሁሉ ሥራ መጨረሻ በዚያች ትንሽ ጃንጥላ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ታዲያ ይህን ጥበብ ከውጭ ገዝቶ ማምጣት ይበቃ ይሆን ቢሉ፣ አይበቃም። ደሴ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይገኛሉ። አየር ከፍ ባሉ ቍጥር ይሳሳል። በደሴ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 78 እጅ ያህል ክብደት ብቻ አለው፤ በኮምቦልቻ 83 እጅ ይሆናል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በሰከንድ 5 ሜትር የሚወርድ ጃንጥላ በኮምቦልቻ 5 ሜትር ተኩል፣ በደሴ ደግሞ ወደ 5 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲያርፍ የሚመታው ኃይል በደሴ ከመቶ 28 እጅ ይጨምራል። ያንኑ ዝግታ ለማግኘት 100 ክንድ ስፋት የነበረው ጨርቅ ወደ 128 ክንድ መስፋት አለበት። በሞቃት ቀትር ደግሞ አየሩ ከዚህ የበለጠ ይሳሳል። እንግዲህ በሌላ አገር ቆላ የተመረመረውን ልክ ሳይፈትኑ በእኛ ደጋ ላይ መጠቀም፣ የሌላውን ሰው ጫማ ሳይለኩ ተጫምቶ ረጅም መንገድ እንደ መሄድ ነው።

ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ሰውና ዕቃ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ይገኛል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን በደሴ፣ ምህንድስናን በኮምቦልቻ ያስተምራል፤ ሐኪሙ በላይ፣ መሐንዲሱ በታች ተቀምጠዋል። በኮምቦልቻ በደርግ ዘመን የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ፤ የአውሮፕላን ማረፊያም አለ። ጨርቁም ቢሆን የግድ ሐር ወይም ናይሎን መሆን የለበትም። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያገለግል ርካሽ የዕቃ ጃንጥላ፣ የውጭ አገር ሠራተኞች ገበሬያችን ማዳበሪያ ብሎ የሚጠራው ከረጢት ከሚሸመንበት ከዚያው ከፖሊፕሮፒሊን ክር የተሠራ ጨርቅ ይጠቀማሉ። የጐደለው እነዚህን ሰዎች በአንድ ጉባኤ የሚያገናኛቸው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እዚህ ላይ በእውነት ይሠራል፤ ነገር ግን ድሩ ከማበሩ በፊት እያንዳንዱ ክር መፈተን አለበት።

እንዲህ ያለው ጉባኤ ቢቋቋም እንዴት ይመራ ለሚለው የሚታየንን እንናገራለን።

አንደኛ፣ አባል የሚሆነው በሹመቱ ሳይሆን በሚያውቀው ነገር ይሁን። መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ ሸማኔውና ሰፊው፣ አብራሪው ይግቡበት። ከእነርሱም ጋር ጥቅሉን የምትቀበለው የጤና ሠራተኛና ጥቅሉ በማሳው ላይ የሚወድቅበት ገበሬ ይቀመጡ፤ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣና ከየትኛው ሸለቆ እንደሚመጣ ከገበሬው የበለጠ የሚያውቅ የለምና።

ሁለተኛ፣ ሊቀ መንበሩ በተወሰነ ዘመን ይለወጥ። የጀመረው ሰው እስከ ዕድሜው መጨረሻ የያዘው ጉባኤ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ተተኪው ከወጣቶቹ መካከል አስቀድሞ በጸሐፊነት እየሠራ ይማር።

ሦስተኛ፣ የጥቅም ነገር ግልጽ ይሁን። ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ስለ ጨርቅ የሚያውቀውን ይናገር፤ የራሱ ጨርቅ እንዲመረጥ ድምፅ በሚሰጥበት ሰዓት ግን ከክፍሉ ይውጣ። ፈታኝና ተፈታኝ አንድ ሰው ሲሆኑ ፈተናው ሐሰት ነው።

አራተኛ፣ ቃለ ጉባኤው አጭርና እውነተኛ ይሁን። ማን ምን ሊሠራ ቃል እንደ ገባና እስከ መቼ እንደሚያደርሰው ይጻፍበት፤ የሚቀጥለውም ስብሰባ ያንን በመጠየቅ ይጀመር። ብዙ ጉባኤዎች የሚሞቱት በጠብ ሳይሆን ማንም ምንም ሳይሠራ እየተገናኙ በመለያየት ነው።

አምስተኛ፣ የጥፋት መዝገብ ይኑር። ያልተከፈተው ጃንጥላ፣ የተቀደደው ስፌት፣ ነፋስ የወሰደው ጥቅል ሁሉ ከነምክንያቱ ይጻፍ። ጥፋቱን ያመነ ሰው እንዳይቀጣበት፣ የሸሸገው ግን ከጉባኤው እንዲወጣ ይደንገግ። ይህ መዝገብ ከገንዘብ ሁሉ የበለጠ የጉባኤው ሀብት ይሆናል።

ስድስተኛ፣ የሚሠሩት በነጻ ነውና ድካማቸው ይታሰብ። ስብሰባው በታወቀ ቀን፣ አንድ ወር በደሴ አንድ ወር በኮምቦልቻ ይሁን፤ ከሁለት ሰዓትም አይለፍ። ነጻ አገልግሎት ማለት ከኪስ ማውጣት አይደለምና የመኪናና የወረቀት ወጪ ይሸፈንላቸው።

ሰባተኛ፣ ጉባኤው ወሰኑን ይወቅ። የበረራ ፈቃድ የሚሰጥ መንግሥት ነው፤ የአገር ደረጃን የሚያጸድቅም የታወቀ መሥሪያ ቤት አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ሥራ ራሱ አምራቹን፣ ተጠቃሚውንና ምሁሩን ባሰባሰቡ የቴክኒክ ኮሚቴዎች የሚከናወን ስለ ሆነ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ጉባኤ መርምሮ ያገኘውን ወደዚያ ያቅርብ። ሹማምንትም በበኩላቸው የተመረመረውን ነገር ሳያነቡ በመሳቢያ እንዳይዘጉበት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሥራ ትልቅ መሆን የለበትም። በደም ፈንታ ውኃ የተሞላ የ2 ኪሎ ጥቅል በልዩ ልዩ ዓይነት ጃንጥላ በሁለቱ ከተሞች ሜዳ ላይ በጧት፣ በቀትርና በማታ ይጣል፤ ጊዜው፣ ነፋሱና የጥቅሉ መጐዳት ይመዝገብ። ከመቶ ጊዜ በኋላ የሚገኘው ሠንጠረዥ በብዙ ገንዘብ ከሚገዛ መጽሐፍ የበለጠ ለደጋችን የሚስማማ ይሆናል።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንደኛው፣ ሕዝቡ በሰሜኑ ጦርነት ዘመን የሰው አልባ አውሮፕላን ድምፅ የሞት ድምፅ ሆኖበታልና እንዴት ደስ ብሎት ይቀበለዋል የሚል ነው። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ምክንያት ያለው ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባም። እንኳን የጦር መሣሪያ፣ የምሕረት ዕቃ እንኳ በሕዝብ መካከል ሲወድቅ ይገድላል፤ የካቲት 29 ቀን 2016 ዓ.ም. በጋዛ የእርዳታ ጭነት ጃንጥላው ሳይከፈት ወድቆ እርዳታ ይጠብቁ ከነበሩት 5 ሰዎች እንደ ሞቱ ተነግሯል። ስለዚህ የሚጣልበት ሜዳ መከለል፣ ቀኑና ሰዓቱም በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በገበያ አስቀድሞ መነገር አለበት። ሕዝቡ እሺ ያላለበት ቦታ ላይ አንድ ጥቅል እንኳ አይጣል።

ሁለተኛው፣ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሥራ አይዘልቅም የሚል ነው። ለዚህ መልሱን የወሎ ሕዝብ ራሱ ሰጥቶ ጨርሷል። በወሎ ቅሬ፣ በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር ደመወዝ ሳይኖረው፣ ክርስቲያኑንና እስላሙን ሬሳ በመቅበርና ኀዘንተኛን በማጽናናት ያገናኛል። ዝናብ ቢዘንብ፣ እርሻ ቢበዛ፣ ቅሬ የተጠራ ሰው አይቀርም። የማይቀረውም ነገ በእኔ ቤት ይደርሳል ብሎ ስለሚያስብ ነው። በፈቃድ የሚሠራ ጉባኤ ሁሉ የሚዘልቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሥራው ማንን እንደሚያድን አባሉ በዓይነ ልቡናው ሲያይ ይመጣል፤ ያ ሲጠፋው ይቀራል።

እንግዲህ የደሴና የኮምቦልቻ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የጨርቅ ሠራተኞች ይህን ነገር እንዲያስቡበት፣ ሹማምንትና ካህናትም ስብሰባው የሚደረግበትን ቤት በመስጠትና ለሕዝቡ በማስረዳት እንዲረዱ እናሳስባለን። ሕዝባችን ለሞተው ሰው ሳይከፈለው መሰብሰብን ከአባቶቹ ተምሯል። ከበሽሎ ማዶ በወሊድ ጭንቅ ላይ ያለችው እናት ግን ገና ሳትሞት የሚሰበሰብላት ቅሬ ያስፈልጋታል።